ከካርድ ክፍሉ መስኮት እስከ ክፍል 9

ባለፉት ሁለት ዓመታት በደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ወዳለው የወጣቶች ክፍል አራት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሦስቱን ለራሴ፣ አንዱን ደግሞ የዶርም ጓደኛዬን ይዤ። በተማሪው ዘንድ «ክፍል 9» እየተባለ የሚጠራው ይህ ክፍል የቤተሰብ ምጣኔ፣ የአባላዘር በሽታ ምርመራና ሕክምና፣ የኤችአይቪ ምርመራና የምክር አገልግሎት የሚሰጥበት ሲሆን፣ የሚጠቀሙበትም በአብዛኛው በከተማው የምንማር የኮሌጅ ተማሪዎች ነን። የጤና ጣቢያውን ስም ያልጻፍሁት ሆን ብዬ ነው። በክፍሉ የሚሠሩት ባለሙያዎች ሁለት ብቻ ስለሆኑ ስሙን ብጠራ ማንነታቸው ወዲያው ይታወቃል፤ ስለ ሰው ምሥጢር በሚናገር ግምገማ ውስጥ ደግሞ የእነርሱን ማንነት ማጋለጥ አላማረኝም።

ደሴ ተማሪ የበዛባት ከተማ ናት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች አሉት፤ በዚያ ላይ የግል ኮሌጆቹ ሲጨመሩ ከየወረዳው መጥቶ በኪራይ ቤትና በዶርም የሚኖረው ወጣት ቀላል አይደለም። ከቤተሰብ ርቀን እንኖራለን ብንልም ከተማዋ ግን ዓይነ ብዙ ናት፤ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ በእግር የሄደ ሰው አንድ የሚያውቀው ሰው ሳያጋጥመው አይመለስም። ስለዚህ ለአንድ ተማሪ የዚህ ዓይነት ሕክምና ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚባለው በመድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ ከበሩ እስከ ክፍሉ ባለው መንገድ ላይ ማን አየኝ፣ ማን ሰማኝ በሚለውም ጭምር ነው። ክፍል 9ን በዚህ መለኪያ ስመዝነው ውስጡ እጅግ የሚያስመሰግን፣ መግቢያው ግን እጅግ የሚያሳዝን ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከመግቢያው ልጀምር። ማንኛውም ታካሚ፣ ጉንፋንም ይሁን ስብራት፣ መጀመሪያ ካርድ ክፍል ሄዶ ይሰለፋል። የካርድ ክፍሉ መስኮት በመስተዋት የተዘጋ ሆኖ ከሥሩ እጅ የምታስገባ ክፍተት ብቻ አለችው፤ ለመናገር እስከዚያች ክፍተት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ከውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በመስተዋቱ ምክንያት አይሰማውም። «ለምንድን ነው የመጣሽው?» አለኝ በመጀመሪያው ቀን። ዝቅ ባለ ድምፅ መለስሁለት። «ምን?» አለኝ። ደገምሁለት። «እ! ቤተሰብ ምጣኔ!» ብሎ እርሱ ራሱ ጮክ ብሎ ሲናገረው ከኋላዬ ሕፃናት ለማስከተብ የተሰለፉት እናቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከመካከላቸው አንዷ የክፍል ጓደኛዬ አከራይ ነበሩ። ቀጥሎም «ባለትዳር ነሽ?» የሚል ጥያቄ መጣ። በመዝገቡ ላይ የጋብቻ ሁኔታ የሚሞላበት ቦታ መኖሩን አልቃወምም፤ የተጠየቅሁበት ቦታና የተጠየቅሁበት ድምፅ ግን ብዙ ተማሪዎችን ከዚያ መስኮት ሥር ወደ ቤታቸው እንደሚመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ጉብኝቴ ጊዜ አንዲት ልጅ ሰልፏ ደርሶ «ምንድን ነው?» ስትባል «ራስ ምታት» ብላ ካርዷን ይዛ ወደ ተመላላሽ ስትሄድ፣ ከዚያም ግማሽ መንገድ ላይ ተመልሳ በዋናው በር ስትወጣ ተመልክቻለሁ። ራሷን እንዳላመማት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መፍትሔው ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። «ክፍል 9» ብሎ ቁጥሩን ብቻ መናገር በቂ ነው፤ ሠራተኛው ምንም ሳይጠይቅ ይጽፋል። ይህ ግን የትም አልተጻፈም፤ የሚታወቀው ከተማሪ ወደ ተማሪ በሚተላለፍ ወሬ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መስተዋቱ ላይ መለጠፍ ስንት ብር ያስወጣ ይሆን?

ክፍሉ ራሱ ከዋናው ሕንፃ ጀርባ፣ በባሕር ዛፉ አጥር በኩል ነው። በሩ ላይ ከቁጥሩ በቀር ምንም አልተጻፈም፤ ይህ አስቦ የሠራ ሰው ሥራ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ አረንጓዴ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የምርመራ አልጋ፣ በጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ክንድ፣ የማህፀን ሥዕል ያለበት ገላጭ ካርቶን እና ማንም ሳይጠይቅ እፍኝ አድርጎ የሚወስደው ኮንዶም የሞላበት የካርቶን ሣጥን አለ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ግን እስካሁን ሲበራ አላየሁትም።

ከሁለቱ ባለሙያዎች አንዷ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ነርስ ናቸው። መጀመሪያ ስገባ ፊቴን አይተው «አብሽሪ የኔ እናት፣ ለፈተና ነው እንዴ የመጣሽው?» ብለው አሳቁኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሥርዓት ነው የሄደው። ባለትዳር ነሽ ወይ ብለው አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ የደም ግፊት እንዳለብኝ፣ ራሴን በከባዱ ያመኝ እንደሆነ፣ የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት እወስድ እንደሆነ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ለምን እንዳስፈለገ ስጠይቃቸው፣ ሪፋምፒሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የእንክብሉንና በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ ኃይል ስለሚያዳክሙ መሆኑን ነገሩኝ። ጥያቄ ሲጠየቁ የማይሰለቹ ባለሙያ ማግኘት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ውስጥ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል።

እኔ የሄድሁት የሦስት ወር መርፌ ጀምሬ ስለነበርና ቀኑ ስላለፈብኝ ነው። መጀመሪያ የወጋኝ የግል ክሊኒክ ነበር፤ ፈተና ደርሶብኝ ሁለት ሳምንት ዘግይቼ ስሄድ «ቀንሽን አሳልፈሻል፣ የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሽ» ብሎ መለሰኝ። የወር አበባዬ ደግሞ በመርፌው ምክንያት ከቀረ ሰነባብቶ ነበር፤ የማይመጣ ነገር ጠብቂ መባሌ ነው። ነርሷ የቀን መቁጠሪያውን አውርደው በእርሳስ ሳምንቱን እየቆጠሩ፣ መርፌው በ3 ወር ይደገም ቢባልም እስከ 4 ሳምንት ድረስ የዘገየ ሰው ያለ ተጨማሪ መከላከያ ሊወጋ እንደሚችል አሳዩኝ። እኔ ግን በየሦስት ወሩ ከፈተና ጋር መጋጨቱ ስለሰለቸኝ ሌላ አማራጭ ጠየቅሁ።

አማራጮቹን ያስረዱበት መንገድ ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ነገር ነው። አንዱን አንስተው «ይሄ ይሻልሻል» አላሉኝም። በተለመደው አጠቃቀም ኮንዶም ብቻ ከሚጠቀሙ 100 ጥንዶች መካከል በዓመት 13 ያህሉ፣ እንክብል ከሚወስዱ 100 ሴቶች 7 ያህሉ፣ መርፌ ከሚወጉ 100 ሴቶች ደግሞ 4 ያህሉ እንደሚያረግዙ፣ በክንድ የሚቀበረው ግን በ1,000 ሴት አንዲት ያህል ብቻ እንደሚሆን በተራ ነገሩኝ፤ ልዩነቱ የሚመጣውም ከመድኃኒቱ ድክመት ሳይሆን ከሰው መርሳትና መዘግየት መሆኑን አስረዱኝ። ከአባላዘር በሽታና ከኤችአይቪ የሚከላከለው ግን ከእነዚህ ሁሉ ኮንዶሙ ብቻ ነው፤ ይህንንም በንግግሩ መሐል ሦስት ጊዜ ደጋግመውታል።

«ማህፀን ያደርቃል» የሚለውን ወሬ ያነሳሁት አፍሬ ነበር። ነርሷ ግን አልሳቁብኝም። ወሬው ከባዶ አልተነሳም አሉ፤ መርፌውን ያቆመች ሴት እርግዝና ለመያዝ ከሌሎቹ ይልቅ ጥቂት ወራት፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ዓመት ልትዘገይ ትችላለች፤ ጎረቤት ይህን መዘግየት አይቶ ደረቀች ይላል፣ ከዓመት በኋላ ስትወልድ ግን ወሬውን ማንም አያርመውም። እንዲህ ያለ መልስ የሰማ ሰው ሌላውን ምክርም ያምናል።

በክንድ የሚቀበረውን፣ ኢምፕላኖን የሚባለውን፣ መረጥሁ። ሥራው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። በግራ ክንዴ ከውስጥ በኩል ማደንዘዣ ወጉኝና ጥቂት ጠብቀው በክብሪት እንጨት የምትመሰለዋን ዘንግ ከቆዳ ሥር አስገቧት፤ ከማደንዘዣው ንክሻ በቀር የተሰማኝ ነገር አልነበረም። ከዚያ ጣቴን ይዘው ዘንጓን ራሴ ዳስሼ እንዳገኛት አደረጉኝ፤ «አለች?» አሉኝ፣ አለች። በፋሻ ጠበቅ አድርገው አሰሩና ለአንድ ቀን እንዳልፈታው፣ ቁስሉ እስኪድን ውኃ እንዳላስነካው አስጠነቀቁኝ። የ3 ዓመቱን ቀን ጽፈው ትንሽ ካርድ ሰጡኝ፤ ካርዷ ላይ ስሜ የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለዚህ ሁሉ አንድ ሳንቲም አልከፈልሁም፤ የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነውና።

ሁለተኛው ጉብኝቴ አጭር ነበር። ዘንጓ በተቀበረች በሦስተኛው ወር ደም ጠብ ጠብ እያለ 11 ቀን ቆየብኝ። ሲጀመርም ይህ ሊመጣ እንደሚችል ተነግሮኝ ስለነበር አልደነገጥሁም፤ ሄጄ ለ5 ቀን የሚወሰድ አይቡፕሮፌን ታዘዘልኝና ቆመ። ከሌላ ቦታ ያስቀበረች አንዲት ጓደኛዬ ግን ቀድሞ የነገራት ሰው ስላልነበረ ይህንኑ ስታይ ታመምሁ ብላ በሁለተኛው ወር አስወጣችው።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታዬ ልምጣ፤ ይህም ሰዓትን የሚመለከት ነው። ጓደኛዬ ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ፣ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ኮንዶም ተቀደደባቸው። ለእኔ የነገረችኝ ቅዳሜ ሲመሽ ነው። ክፍል 9 የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ በመሆኑ በሩ ዝግ ነበር። ሁለታችንም የምናውቀው ፖስት ፒልን፣ ማለትም ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የእርግዝና መከላከያ፣ ብቻ ስለነበር ፋርማሲ ፍለጋ ወጣን። የመጀመሪያው ፋርማሲ ውስጥ ከእኛ ሌላ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ሻጩ «ለራስሽ ነው?» ብሎ በሁሉም ፊት ሲጠይቃት ምንም ሳትመልስ ወጣች። በሁለተኛው እኔ ገብቼ ገዛሁላት፤ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ዋጠችው።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ሲከፈት ይዣት ሄድሁ፤ ከሆነው ነገር 59 ሰዓት አልፎ ነበር። ነርሷ ስለ ፖስት ፒሉ መልካም አድርጋችኋል አሉ። መድኃኒቱ የእንቁላል መውጣትን በማዘግየት የሚሠራ ስለሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ መወሰድ እንዳለበት፣ እስከ 120 ሰዓት ድረስም ቢወሰድ ኃይሉ እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ የያዘ እርግዝናን እንደማያስወርድ፣ በዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ አስታውኳት ቢሆን መድገም ይገባት እንደነበር፣ ከሦስት ሳምንት በኋላም የእርግዝና ምርመራ እንድታደርግ ነገሯት። ሉፕ የሚባለው በማህፀን የሚቀመጥ መከላከያ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከእንክብሉ የበለጠ አስተማማኝ መሆኑንም የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከዚያ እኛ ፈጽሞ ያላሰብነውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «የልጁን የኤችአይቪ ውጤት ታውቂያለሽ?»

አታውቅም። ፖስት ፒል ስለ ኤችአይቪ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ ደግሞ የግድ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት፤ በቶሎ በተጀመረ መጠንም የበለጠ ይሠራል። የቀረን 12 ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። እርሷን መረመሩ፣ ነፃ ናት፤ መድኃኒቱንም በዚያው ሰዓት አስጀመሯትና ከሦስት ወር በኋላ ለድጋሚ ምርመራ ቀጠሯት። ያን ጊዜ ነው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ቅዳሜም ሆነ እሑድ ሌሊት ሄደን መድኃኒቱን ማስጀመር እንችል እንደነበር የተረዳነው። ነገሩ የሆነው በዓርብ ማታ ፈንታ ሐሙስ ማታ ቢሆንና እርሷም እንዲሁ ዘግይታ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ የምንቆመው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። ለወጣቶች ተብሎ የተከፈተ ክፍል ወጣቶች ከትምህርት ነፃ በሚሆኑበት ሰዓት ሁሉ መዘጋቱን በምንም መንገድ ልረዳው አልቻልሁም። ሌላው ቢቀር በተዘጋው በር ላይ «ድንገተኛ ከሆነ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፤ 72 ሰዓት እንዳያልፍባችሁ» የሚል ጽሑፍ ሊኖር ይገባ ነበር።

ሁለተኛው ባለሙያ ወጣት ጤና መኮንን ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እርሱ ይገኛል። በሦስተኛው ጉብኝቴ ያከመኝ እርሱ ነበር፤ የፈሳሽ መብዛትና ሽታ ይዤ ነበር የሄድሁት። ያለ ሰበብ አባላዘር ነው ብሎ አላስደነገጠኝም፤ እንዲህ ያለ ፈሳሽ ሁልጊዜ በግንኙነት የሚመጣ እንዳልሆነ አስረድቶ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን የሚወሰድ ሜትሮኒዳዞል አዘዘልኝ። ወቅቱ ረመዳን ነበር። ፆመኛ መሆኔን ስነግረው መድኃኒቱን አንድ ጊዜ በአፍጥር፣ አንድ ጊዜ በሱሁር ከምግብ ጋር እንድወስደው በወረቀት ጻፈልኝ፤ ፆሜን ሳልፈታ ጨረስሁት። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን «ጠዋትና ማታ» ተብሎ ተጽፎላቸው መድኃኒቱን ከረመዳን በኋላ ለመጀመር ያስቀመጡ ልጆችን አውቃለሁ።

አባላዘር ለተገኘበት ሰው ደግሞ ለፍቅር ጓደኛው የሚሰጠው ቁራጭ ወረቀት አለ፤ በላዩ ቁጥርና ቀጠሮ እንጂ የበሽታ ስም የለበትም። ክላሚዲያን የመሰለ በሽታ በሴት ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት ሳያሳይ ቆይቶ መካንነትን ሊያስከትል ስለሚችል አንዱ ታክሞ ሌላው ቢቀር ሕክምናው ከንቱ ነው። ወረቀቱን ይዘው የሚመጡ ወንዶች ግን ጥቂት ናቸው። በአራቱም ቀን ወንበሩ ላይ ያየሁት ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ተቀምጦ ነበር። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎች ሁሉ የእናትና የሕፃን መሆናቸውን ስመለከት ወንዱ ለምን እንደሚሸሽ ይገባኛል።

ከእነዚያ ሥዕሎች መካከል ስለ ፅንስ ማቋረጥ ሕግ የሚያስረዳ አንድ ወረቀት አለ፤ ሰው ሁሉ አጎንብሶ የሚያነበው እርሱን ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በመደፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣን እርግዝና፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥልን እርግዝና፣ እንዲሁም በዕድሜዋ ወይም በአካልና በአእምሮ ጉዳት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ያልተዘጋጀችን ሴት እርግዝና በሕክምና ማቋረጥን እንደሚፈቅድ፣ በአንቀጽ 552 መሠረትም በመደፈር ጊዜ የሴቲቱ ቃል በቂ ማስረጃ መሆኑን ይገልጻል። ወረቀቱ የተለጠፈው ከመጋረጃው ውጭ፣ ሰው በሚያይበት በኩል ነው፤ ከመጋረጃው ውስጥ ቢሆን ኖሮ ረጋ ብሎ ለማንበብ ይመች ነበር።

ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባትም ጠይቄአቸው ነበር። ክትባቱ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ በመሆኑ የእኔ ዕድሜ እኩዮች ብዙዎቹ ተከትበዋል፤ ለምን እንደተከተቡ የሚያስታውሱት ግን ጥቂት ናቸው። የኮሌጃችን ክሊኒክ ከዚህ ሁሉ የሚሰጠው ኮንዶምና ፓራሲታሞል ብቻ ስለሆነ ለንጽጽር አይበቃም።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል፣ ከዚያም ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ክፍት ነው፤ ዓርብ ለጁምዓ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋና በሰባት ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ጠዋት የክትባት እናቶች ስለሚበዙ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ያለው ይሻላል። የተማሪ መታወቂያ አይጠየቅም። መርፌ የጀመራችሁ የተወጋችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ሂዱ። ወንዶች ከሆናችሁ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት ምረጡ። መስኮቱ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፤ ቀና ብላችሁ «ክፍል 9» በሉት።